አማቴ የረገጡት ሱፍ

ሱፍ ልብስ ያለው ሰው ነጻ ሰው አይደለም። ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም፤ እኔም አንድ ሱፍ ነበረኝ። ጋቢ የለበሰ ሰው ዝናብ ሲመጣበት ይከናነባል፣ ብርድ ሲመጣበት ይጠቀለላል፣ እንቅልፍ ሲመጣበት ጥግ ይዞ ይተኛበታል። ሱፍ የለበሰ ሰው ግን ዝናብ ሲመጣ ይሮጣል፤ ወንበር ሲቀርብለት መጀመሪያ በመዳፉ ይጠርጋል፤ ወጥ ሲቀርብለት ደግሞ አንገቱን አስግጎ እንደ ቀዶ ሐኪም ተጠንቅቆ ይጎርሳል። ታዲያ ለባሹ ማን ነው፣ ተለባሹስ ማን ነው? እኔ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

ሰቆጣ ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ጸጉር አስተካካይ ደግሞ፣ ታውቃላችሁ፣ የማያውቀው ነገር የለም። ፖለቲካውን አንዱ ደንበኛ ያስተምረዋል፣ ሕክምናውን ሌላው ይጨምርለታል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላበታል። ስለ ጸጉር ግን አስተማሪ አልፈልግም። ሱፍስ ምንድን ነው? የበግ ጸጉር አይደለም እንዴ? የሰው ራስ ላይ ያለውን ያወቅሁ ሰው የበግ ጀርባ ላይ ያለው ምን ሊያቅተኝ? ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ሱፍ ዓይነቶች ትንሽ እንድፈላሰፍ ፍቀዱልኝ። ባትፈቅዱም ምላጩ በእኔ እጅ ነው።

በእኛ በዋግ ኽምራ የሱፎች ሁሉ አያት ባና ነው። ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሸመን ብርድ ልብስ ሲሆን፣ ከክብደቱ የተነሣ ሰው ላይ ሲጣል ሰውዬው የታሰረ ይመስለዋል። ይኮሰኩሳል ደግሞ። ባና ለብሶ የተኛ ሰው በጉ ገና በሕይወት እንዳለ ይሰማዋል። እንክብካቤ? የባና እንክብካቤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በዱላ መደብደብ ነው። ከባና ቀጥሎ በርኖስ አለ፤ ያው የበግ ጸጉር ሆኖ ጥቁር፣ ትከሻው ላይ ጉብ ያለ፣ የለበሰው ሰው ሁሉ ዳኛ የሚመስልበት ካባ። በርኖስን ብል እንዳይበላው ጎጆ ውስጥ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ይሰቅሉታል፤ በዚህ ዓይነት ከአባት ወደ ልጅ፣ ጭሱም አብሮ፣ ይወረሳል። ከዚያ የሳልባጁ ሹራብ ይመጣል። እሱ በታጠበ ቁጥር ወደ ታች ስለሚወርድ በመጀመሪያው ዓመት ሹራብ፣ በሁለተኛው ቀሚስ ነው።

ቀጥሎ ከተሜው ሱፍ እያለ የሚጠራው ኮትና ሱሪ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በግ የሚባል ፍጥረት አይተው አያውቁም፤ ከነዳጅ ነው የሚሠሩት አሉ። እነሱን አጥቦ፣ ጨምቆ፣ በር ላይ ሰቅሎ መሄድ ነው። ከእሳት ብቻ መራቅ አለባቸው፤ ይቀልጣሉ። መጨረሻ ላይ ንጹሑ ሱፍ አለ። እሱ ሀብታም በሽተኛ ነው። ሙቅ ውሃ አይስማማውም፣ መታሸት ያመዋል፣ መጠምዘዝ ይገድለዋል፣ ፀሐይ አይወድም፣ ገመድ ላይ ከሰቀሉት ትከሻው ይወድቃል። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነካ ነካ ተደርጎ፣ ፎጣ ላይ ተጋድሞ፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። አንድ ቀን ከተለበሰ በማግስቱ ዕረፍት ይወጣል። እኔ የት ነው በሥራ ማግስት ዕረፍት የምወጣው?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከእታለም ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስታርፍ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ ጢም ሳበቅል እሷ ዓረብ አገር ሰው ቤት ገባች። እዚያ ዋና ሥራዋ የጌትዬውን ልብስ መጠበቅ ነበር። ለሠርጌ ብላ ከሰው ጋር አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ላከችልኝ። ከሱፉ ጋር ደግሞ በስልክ እንደ ስብከት የረዘመ የድምፅ መልእክት ላከች። ውሃ እንዳታስነካው፤ ካስነካኸውም ቀዝቃዛ ይሁን፤ ካውያ በቀጥታ እንዳታሳርፍበት፤ ብልም እንዳይገባው ነጯን የብል ክኒን ኪሱ ውስጥ አድርግ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተሰባበረ። ለሠርግህ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ፣ ያን ሱፍ ለብሰህ በዓይኔ ካየሁህ የዚህ አገር ድካሜ ሁሉ ይለቀኛል አለች። ያን ቀን ደንበኛ እየጠበቀኝ ወደ ጓሮ ወጥቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሐጂ ሰኢድ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሱፉን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ፕላስቲክ ነው አሉ። ከዓረብ አገር የሚመጣው ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ካላመንከኝ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት እናቃጥል፤ እንደ ጸጉር ከሸተተ ሱፍ፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ አሉ። እኔ ደሜ ፈላ። የእታለምን ላብ በክብሪት? አይደረግም አልኩ። ሰፈሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ለመስተካከል የሚመጣ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሱፉን ነገር ያነሳል፤ ፕላስቲክ ነው ያሉኝን ሰዎች ከኋላ በኩል እንዴት እንዳስተካከልኳቸው እግዜር ይወቀው።

በዚህ መሀል የእጮኛዬ የብርቄ አባት አያ ካሳ ከደሃና መልእክት ላኩብኝ። ከሠርጉ በፊት የሰው ራስ እየላጨ ይኖራል የተባለውን ልጅ ልየው አሉ። እስቲ አስቡት፤ አራሽ አይደለሁ፣ ነጋዴ አይደለሁ፤ ምኔን ነው የሚያዩት? ብርቄ ሰቆጣ መምህርት ናት፤ ሹራብህን ለብሰህ ሂድ፣ አባቴ ልብስ አያይም አለችኝ። ልብስ አያይም! ይህች ልጅ አባቷን ምን ያህል እንደማታውቃቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። ሱፉን ይዤ ሄድኩ።

ይዤ ነው ያልኩት፤ ለብሼ አላልኩም። ደሃና ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር ነው የሚደረሰው፤ እኔም ኮቱንና ሱሪውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ አንድ ገብስ ጭኖ ከገበያ የሚመለስ ሰው አህያ ላይ አስጭኜ ዳገቱን ወጣሁ። የአያ ካሳ ቤት ከወዲያ ማዶ ሲታየኝ ከድንጋይ ጀርባ ገብቼ ለበስኩት። ዝናቡም ይህንኑ ሲጠብቅ ኖሯል። የበልግ ዝናብ ነው፣ በረዶ የቀላቀለ፤ የመጨረሻዋን ቁልቁለት በእግሬ ጀምሬ በመቀመጫዬ ጨረስኳት። አማቴ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረብኩት እንዲህ ሆኜ ነው፣ ከወገቤ በታች ደሃና፣ ከወገቤ በላይ ዓረብ አገር።

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አልሳቁብኝም። ልብሴን አወለቁልኝ፣ አያ ካሳ የራሳቸውን በርኖስ ከተሰቀለበት አውርደው አለበሱኝ፣ ምድጃ ዳር አስቀምጠው ትኩስ ሽሮ አበሉኝ። ከዚያ ሱፉን አነሱና ወደ በሩ ብርሃን ዘርግተው ያዩት ጀመር። ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

"ልጄ፣ ይህን ማን ነው የሸመነልህ?"

ከባሕር ማዶ ነው አልኩ፣ ትንሽ ደረቴን ነፍቼ።

"አታለውሃል" አሉ በሐዘን። "ሳይጨርሰው ነው የሸጠው። እየው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃን ያሳለፈ ብርድ አያሳልፍም?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ባናም በርኖስም ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ልብስ አይደለም። ላላ ያለ ነው። ገንዳ ውስጥ ይከቱትና ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ፣ እንዶድ እየጨመሩ፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡታል። ጸጉሩ እርስ በርሱ ይጨባበጥና ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ነፋስ አያስገባም። አያ ካሳ ደግሞ በዚያ አገር የታወቁ ረጋጭ ናቸው፤ በደህናው ዘመን ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ ድረስ ባናውን ተሸክሞ የሚመጣላቸው ሰው ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እነግራችኋለሁም። ያን ምሽት ግን፣ ለነገ ተወው፣ እኔ አለሁ ሲሉኝ፣ ጭቃውን የሚያራግፉልኝ መሰለኝና እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። በገዛ አፌ!

ጠዋት በዘፈን ነው የነቃሁት። ከወንዙ በኩል የወንዶች ድምፅ በዋጉ አገውኛ፣ በኽምጣኛ፣ ይቀባበላል። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ደስ ይላል፤ ለእኔ ክብር ይሆን እንዴ ብዬ በርኖሴን ደረብ አድርጌ ወረድኩ። ለእኔ ክብር ነበር። አያ ካሳና ጎረቤቶቻቸው ቁምጣቸውን ሰብስበው፣ እንፋሎት ውስጥ ቆመው፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ነገር ይረግጣሉ። ከመሀከላቸው አንድ የማውቀው የኮት ቁልፍ ብቅ ብሎ አየኝና ተመልሶ ሰመጠ።

ሙቅ ውሃ! ብዬ ጮህኩ። አያ ካሳ በፍቅር አዩኝ። አይዞህ፣ አይቀዘቅዝም፣ ሌላ ጋን ተጥዷል አሉኝ። ከዚያም ባለቤቱ ራሱ ካልረገጠው አይባረክም፣ ግባ አሉና በእጄ ይዘው ጎተቱኝ። ምን ላድርግ? ልጃቸውን ሊሰጡኝ ነው፤ ጎረቤት ቆሞ ያያል፤ ውሃው ደግሞ ለእንግዳ ተብሎ ማገዶ ነዶበታል። ጫማዬን አወለቅሁና የእታለምን ሱፍ ረገጥኩ። እንባዬ መጣ፤ እነሱ የደስታ መሰላቸው። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ዜማው ያዘኝ። ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ እስክስታ ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ደረቀ። ሱሪው ቁምጣ ሆነ፤ ኮቱ ገና ጎረምሳ ላልሆነ ልጅ የሚበቃ፣ ውፍረቱ የአህያ ኮርቻ የሚያህል ሆነ። አያ ካሳ ግን ኮሩ። ውሃ በመዳፋቸው ዘግነው ላዩ ላይ አፈሰሱበት፤ ውሃው እንደ አተር እየተንከባለለ ወረደ። አየህ፣ አሁን ልብስ ሆነ አሉኝ። ጠበበኝ ልል ገና አፌን ሳልከፍት፣ ሲለበስ ይሰፋል አሉና በርኖሱንም መርቀው ሰጡኝ። በተውሶ ቁምጣና በበርኖስ፣ ሱፌን በፌስታል አንጠልጥዬ ሰቆጣ ገባሁ።

መጀመሪያ ያዩኝ ማን ይመስሏችኋል? ሐጂ ሰኢድ። ከፌስታሉ አወጡት፤ አገላበጡት። ከዚያ አንድ ክር መዝዘው ክብሪት ጫሩ። አሁን ምን ብዬ ልከልክል? ክሩ አልቀለጠም፤ ኩርምት ብሎ ነደደና ሱቃቸው የእኔን ሱቅ ሸተተ፣ ጸጉር ጸጉር። ሐጂ በር ላይ ወጥተው ሰፈሩ እንዲሰማ ንጹሕ ሱፍ ነው ብለው መሰከሩ፣ ፕላስቲክማ አይጠብም ነበር፣ እህትህን ይቅር በይኝ በልልኝ አሉ። የእታለም ስም ጠራ። ሱፉ ሞቶ ነው እንጂ።

ለብርቄ ስነግራት ሳቀችና ግድግዳ ያዘች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ መርገጥ ከተወ ቆይቷል፣ ለአንተ ብሎ ነው ገንዳ የገባው፤ አበላሹብኝ ብትለው ሁለተኛ እዚያ ገንዳ አጠገብ አይደርስም አለችኝ። እሺ፣ ለአማቴ አልናገርም። ለእታለምስ? ድካሟ የሚለቃትን ነገር ረግጬ መጣሁ ልበላት? ለእሷም አልናገርም። ታዲያ ሁለቱም ሠርጉ ላይ ይመጣሉ።

እታለም መጣች። ከስታለች፤ ጸጉሯ ላይ ሽበት አለ፤ የሌላ ሰው ውድ ልብስ ተሸክማ የኖረች ሴት አያያዝ እጇ ላይ ቀርቷል። አቅፋኝ ሳትለቀኝ ሱፉስ አለች። ላውንድሪ ነው አልኩ። ደነገጠች። የቱ ላውንድሪ? በምን ውሃ? በምን ሳሙና? እኔም ሰቆጣ ውስጥ የሌለ ላውንድሪ ከነባለቤቱ፣ ከነማሽኑ፣ ከነጸባዩ ፈጠርኩ። ባለቤቱ ጥንቁቅ ሰው ነው አልኳት። ትንሽ ተረጋጋች።

የሠርጉ ጠዋት ሌላ ሱፍ መከራየት እችል ነበር። ከሐጂ ሱቅ አንዱን ፕላስቲክ ማንሳት እችል ነበር፤ ሱሪውንማ አንስቻለሁ። ኮቱ ላይ ግን እጄ አልሄድ አለ። የላከችልኝ ገላዬ ላይ ሳይውል ላገባ ነው? የተረገጠውን ኮት አወጣሁና ሚዜዎቼ ገፍተው፣ እኔ ተንፍሼ፣ ገባልኝ። እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ክንዶቼ ወደ ታች አልወርድ ብለው ማሳ ውስጥ ወፍ የሚያባርር ማስፈራሪያ መሰልኩ። በርኖሱን ከላይ ጣልኩበትና እስከ አገጬ ዘጋሁት። ሠርጉ በብርቄ አባት ቤት ነውና ደሃና ደረስን።

ዳሱ ውስጥ ምን ያህል ይሞቃል መሰላችሁ? ከላይ በርኖስ፣ ከውስጥ ኮርቻ። ላቤ በአፍንጫዬ ይንጠባጠባል። በስተቀኜ እታለም ተቀምጣ ግለጠው እንጂ፣ ሱፉን ልየው ትላለች፤ ይበርደኛል እላታለሁ። በስተግራዬ አያ ካሳ ተቀምጠው ግለጠው እንጂ ልጄ፣ ሰው ይየው ይላሉ፤ ይበርደኛል እላቸዋለሁ። አያ ካሳ በዚህ ተናደዱ። እንዴት ይበርድሃል? እኔ የረገጥኩት ሱፍ ለብሰህ ይበርድሃል? አሉና ብድግ ብለው በርኖሱን ገለጡት።

ክንዶቼን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ አማራጭም አልነበረኝ። አያ ካሳ የእኔን መልክ አላዩም፤ ጨርቁን ነው የሚያዩት። ወደ እታለም ዞር አሉና፣ እህቴ፣ የላክሽለት ላላ ያለ ነበር፣ አታለውሽ ነበር፣ እኔ በሙቅ ውሃ አጥብቄልሻለሁ አሉ። ከዚያ ምስጋናዋን ሊቀበሉ ቆመው ጠበቁ።

እታለም እጅጌዬን ያዘች። በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፣ ጌትዬው ቤት ስታደርግ እንደኖረችው መሰለኝ። ዓይኗ ሞላ። እኔ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ቀና ብላ የሽማግሌውን ያበጠ ጉልበት አየች፣ እኔን አየች፣ ተነሣችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"እግርዎ ይባረክ አያ" አለቻቸው።

ከዚያ ነው ሳቁ የያዛት። እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ጆሮዬ ላይ ተደፍታ፣ "ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ሱፍ እንዳይጠብብኝ ስንቀጠቀጥ ኖርኩ፤ አንድ ካልሲ ቢጠብብኝ ስንት ስድብ ጠጣሁ፤ እዚህ ደግሞ ተሰብስበው፣ ዘፍነው፣ መርቀው ያጠብቡታል!" አለች። ድካሟ እንደለቀቃት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ባሰበችው መንገድ አይደለም እንጂ ለቋታል። ኮቱን ግን ከላዬ ለማውጣት ከሚዜዎቼ አንደኛው እግሩን ደረቴ ላይ ማሳረፍ ነበረበት።

እታለም ወደ ዓረብ አገር አልተመለሰችም። ከእኔ ሱቅ አጠገብ ልብስ ማጠቢያ ከፈተች፤ እኔ በውሸት የፈጠርኩት ላውንድሪ በእውነት ተከፈተ ማለት ነው። በሩ ላይ ሱፍ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚል አጽፋለች፤ ሱፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ የመጣ ደንበኛ ከእሷ የሚሰማውን ስድብ እኔ ሱቅ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሐጂ ሰኢድ እንኳ ኮታቸውን ሲያመጡላት በሁለት እጃቸው ይዘው ነው።

እኔና ብርቄም ወንድ ልጅ ወለድን። ለክርስትናው ደሃና ወጣን፤ ያን ኮት ለልጁ ማስታወሻ ይሁን ብለን ይዘነው ሄድን። ሲያድግ ይለብሰዋል፣ እንዲያውም ለአንድ ሁለት ዓመት ብርድ አያገኘውም እያልን ስንጫወት አያ ካሳ ኮቱን ተቀበሉን። ሕፃኑ ላይ ጣል አደረጉት። ሕፃኑ ጠፋ፤ ከኮቱ ሥር ለቅሶው ብቻ ይሰማል። አያ ካሳ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ለካ ለካ አደረጉና ትንሽ ሰፍቶታል፣ አንዴ ብንረግጠው ልኩ ይሆናል አሉ።

እኔ ልከለክል አፌን ስከፍት፣ ብርቄ ክርኔን ያዘችኝ። የሱፍ ነገር የሚገባው ሰው ይናገር ብዬ ወደ እታለም ዞርኩ።

እታለም ጫማዋን እያወለቀች ነበር።